ቀይ ቀበሮ ወደ ጉና ይመለስ ይሆን?

ከደብረ ታቦር ከተማ ወደ ምሥራቅ ለሚመለከት ሰው ጎልቶ የሚታየው የጉና ተራራ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር የሚበልጠው ይህ ተራራ በደቡብ ጎንደር ዞን አቻ የለውም። ፋርጣን፣ እስቴንና ላይ ጋይንትን የሚያዋስን ሲሆን፣ የጣናን ሐይቅ ከሚመግቡት ወንዞች መካከል ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚሁ ነው። በሌላው ጎኑ የሚወርደው ውኃ ደግሞ ወደ ተከዜ ያመራል። በአንድ አናት ላይ የወረደ ዝናብ ለአባይና ለተከዜ ይከፋፈላል ማለት ነው።

ይህ ተራራ ከጥቂት አሥርት ዓመታት በፊት የቀይ ቀበሮም መኖሪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በጉና የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአሥር እንደማይበልጡ ገምቶ ነበር። ዛሬ የእንስሳው ቋሚ መኖሪያ ተብለው የሚቆጠሩት ስድስት ሥፍራዎች ባሌ፣ አርሲ፣ የሰሜን ተራሮች፣ ሰሜን ወሎ፣ ደቡብ ወሎና መንዝ ናቸው። ጉና ከዝርዝሩ ወጥቷል።

ከመጥፋት አፋፍ የደረሰ የዱር እንስሳ እንደገና ሊያንሰራራ ይችላል ወይ? የሚል ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ብዙዎች በጎ ምሳሌ የሚፈልጉት ከውጭ አገር ነው። ይሁን እንጂ በጎውም ሆነ አስደንጋጩ ምሳሌ በአገራችን፣ ያውም ለደብረ ታቦር ቅርብ በሆኑት ተራሮች ላይ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የዋልያንና የቀይ ቀበሮን ታሪክ እየተመለከትን፣ ከዚያ ለጉና የሚሆን ምን ትምህርት እንደሚገኝ እንቃኛለን።

ቀይ ቀበሮ ምን ዓይነት እንስሳ ነው?

በሳይንሳዊ መጠሪያው «ካኒስ ሲሜንሲስ» የሚባለው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትኛውም የዓለም ክፍል አይገኝም። መጠሪያውም የመጣው ከሰሜን ተራሮች ነው። ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ የዘር ሐረጉ ከተኩላ ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ በውጭ ቋንቋዎች «የኢትዮጵያ ተኩላ» እየተባለ ይጠራል። በመላው አገሪቱ ያሉት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ይገኛሉ።

ኑሮው በቤተሰብ ነው። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት ዋና እንስት ብቻ ስትሆን፣ የምትወልደውም በዓመት አንድ ጊዜ ነው። የቀሩት አባላት ቡችሎቹን በመጠበቅና በመመገብ ያግዟታል። አደን የሚወጣው ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ነው። ምክንያቱም ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል በመሆኑ በመንጋ ማደን አያስፈልገውም። አልፎ አልፎ ግልገል ይወስድብናል እያሉ የሚያማርሩ እረኞች ቢኖሩም፣ ከዕለት ምግቡ አብዛኛው በገብስ ማሳም ላይ ጉዳት የሚያደርሱት አይጦች ናቸው።

የዚህ እንስሳ ዋነኛ ችግር ሌላ መሄጃ የሌለው መሆኑ ነው። የሚኖረው ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው ውርጫማ ምድር፣ ጓሳ ሣር፣ አስታና ጅባራ በሚበቅልበት አካባቢ ብቻ ነው። ገብስና ድንች የሚያርሰው ገበሬ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቀይ ቀበሮውም አብሮ ወደ ላይ ይገፋል። ተራራ ደግሞ ወደ አናቱ እየጠበበ ይሄዳል። በአገሪቱ ከ3,200 ሜትር በላይ ከሚገኘው መሬት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ እርሻነት ተለውጧል። በዚህም ሳቢያ እያንዳንዱ ተራራ በእርሻ ባሕር የተከበበ ደሴት ሆኗል። በአንዱ ተራራ ያለው ቀበሮ ቢያልቅ ከሌላው ተራራ ተሻግሮ የሚተካው አይኖርም።

በጉና የደረሰውም ይኸው ነው። እርሻው፣ ልቅ ግጦሹና ለማገዶ የሚቆረጠው አስታ የቀበሮውን መኖሪያ አጠበቡት። አሥር የማይሞሉ እንስሳት ደግሞ አንድ ክፉ ዓመት ብቻ ይበቃቸዋል።

ውሻ ያመጣው ጣጣ

ከመሬት ጥበቱ ሌላ ቀይ ቀበሮን በጅምላ የሚፈጀው በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታና ሌላው የውሾች ተላላፊ በሽታ የሆነው ዲስቴምፐር ከገበሬው ውሻ ወደ ቀበሮው ይተላለፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 በባሌ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ጥናት ይካሄድባቸው ከነበሩ ቤተሰቦች አብዛኞቹን አጥፍቷል። በሽታው በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እንደገና ተከስቷል። ዲስቴምፐር በበኩሉ በ2006፣ በ2010 እና በ2015 ጉዳት አድርሷል።

እዚህ ላይ ነው የጥበቃ ሥራ ውጤት በግልጽ የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ተኩላ ጥበቃ ፕሮግራም ከመንግሥት ተቋማት ጋር በመተባበር የመንደር ውሾችን ሲከትብ ቆይቷል። በ2003 ወረርሽኙ ሲነሣ ደግሞ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን እየያዙ መከተብ ተጀመረ። ሁሉንም መያዝ ባይቻልም በሽታው ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው በሚያልፍባቸው መተላለፊያዎች ላይ የሚገኙት ቤተሰቦች በመከተባቸው ስርጭቱ ሊገታ ችሏል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደብቆ የሚሰጥ፣ ቀበሮው ሳይያዝ የሚውጠው ክትባት ሥራ ላይ ውሏል። ከእያንዳንዱ ወረርሽኝ በኋላ የባሌ ቀይ ቀበሮዎች ቁጥር ቀስ በቀስ ማገገሙም በክትትል ተረጋግጧል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት (አይዩሲኤን) እ.ኤ.አ. በ2004 ቀይ ቀበሮን «እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡ» ዝርዝር አውጥቶ «ለመጥፋት ከተቃረቡ» መደብ ውስጥ አስገብቶታል። ልዩነቱ የአንድ ቃል ቢመስልም ከበስተጀርባው የብዙ ዓመታት ልፋት አለ።

ከሰሜን ተራሮችም አንድ ታሪክ መጥቀስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2020 እግሩ በጥይት የተሰበረ ወንድ ቀይ ቀበሮ በፓርኩ ውስጥ ተገኘ። ባለሙያዎችና ጠባቂዎች አንስተው 51 ቀናት ያህል አከሙት፤ ድኖም ወደ ዱር ተለቀቀ። ስሙንም «ተረፈ» አሉት። አንድን ቀበሮ ለማዳን ይህን ያህል መድከም ለአንዳንዱ ሰው የተጋነነ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ቁጥሩ እንዲህ በተመናመነ ዘር ውስጥ የእያንዳንዱ እንስሳ መትረፍ ዋጋ አለው።

ዋልያ፦ አንሰራርቶ እንደገና የወደቀው

ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን የሚጠራበት ዋልያ የሚኖረው በሰሜን ተራሮች ገደላ ገደል ላይ ብቻ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተደረጉ ግምቶች ቁጥሩን 150 ገደማ አድርሰውት ነበር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ የተቋቋመውም በዋናነት ይህንኑ እንስሳ ለመታደግ ነው። ፓርኩ በ1978 ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ሆኖም ጦርነት፣ እርሻ፣ ግጦሽና በፓርኩ መሐል ያለፈው መንገድ ተደራርበው ጉዳት ስላደረሱበት በ1996 «በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» መዝገብ ውስጥ ገባ። በወቅቱ የነበሩት ዋልያዎች ከ250 ብዙም አይበልጡም ነበር።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። የፓርኩ ወሰን ከ136 ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ። ግጦሽ የሚከለከልባቸው ቦታዎች ተለዩ። ጠባቂዎች ተጨመሩ። የአካባቢው ወጣቶች በአስጎብኚነት፣ በቅሎ በማከራየትና በምግብ አብሳይነት ገቢ ማግኘት ጀመሩ። በፓርኩ እምብርት የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 በላይ አባወራዎች፣ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ። ይህ እርምጃ ለዱር እንስሳቱ እፎይታ ቢሰጥም፣ ከብትና እርሻውን ትቶ ለከተማ ኑሮ እንግዳ ለሆነው ገበሬ ዋጋው ከባድ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

ውጤቱ ግን ታየ። የዋልያ ቁጥር በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከ860 በላይ ደረሰ። ፓርኩ በ2017 ከአደጋ መዝገብ ወጣ። አይዩሲኤንም በ2020 ባወጣው ግምገማ ዋልያን «ለመጥፋት ከተቃረቡ» ምድብ ወደ «ተጋላጭ» ዝቅ አደረገው። በዓለም የጥበቃ ታሪክ ውስጥ ይህን መሰሉ ለውጥ ብዙ ጊዜ የሚታይ አይደለም።

ደስታው ግን አልዘለቀም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ፈነዳ። በዚያው ዓመት ክረምት ውጊያው ወደ ሰሜን ጎንደርና ጋይንትን አልፎ ወደ ደቡብ ጎንደር ዘለቀ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ጎብኚው ቀረ፤ የአስጎብኚውና የበቅሎ አከራዩ ገቢ ተቋረጠ፤ ጠባቂው እንደ ልቡ ተዘዋውሮ መጠበቅ አልቻለም፤ ጠመንጃ በየቦታው በዛ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የተገኘው የዋልያ ቁጥር 300 ገደማ ብቻ ሆነ። ሃያ ዓመት የፈጀው ማገገም ከአሥር ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተሸረሸረ።

በዋልያ ላይ ከሌሎቹ የከፋ ስጋት የሚጥል ሌላም ነገር አለ። እንስሳው ከሰሜን ተራሮች በቀር በየትኛውም ተራራ፣ በየትኛውም የእንስሳት ማቆያ አይገኝም። የአውሮፓ የተራራ ፍየል የሆነው የአልፕስ አይቤክስም አንድ ወቅት እንዲሁ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጣልያኑ ግራን ፓራዲዞ ተራራ መቶ ያህል ብቻ ቀርተው ነበር። በ1856 የንጉሡ የግል አደን ክልል ሆኖ ተጠበቀ፤ በ1922 ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ስዊዘርላንድ በበኩሏ ከ1911 ጀምሮ በማቆያ ያራባቻቸውን በራሷ ተራሮች ላይ ለቀቀች። ዛሬ በአልፕስ ተራሮች ከ50,000 በላይ አይቤክስ ይገኛል። የአልፕሱ ዘመድ የዳነው በአንድ ተራራ ላይ ብቻ እንዲቀር ባለመደረጉ ነው።

የጓሳ ሰዎች ጥበብ

የዱር እንስሳን የሚያድነው መንግሥትና የውጭ ድርጅት ብቻ ነው ለሚሉ ወገኖች የመንዝ ጓሳ መልስ አለው። በሰሜን ሸዋ የሚገኘው ይህ ደጋማ ሥፍራ ለአራት መቶ ዓመታት ያህል የተጠበቀው «ቄሮ» በሚባል የአካባቢው ሕዝብ ሥርዓት ነው። ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለሌላም የሚውለው የጓሳ ሣር እንዳያልቅ አካባቢው ለዓመታት ይዘጋል። የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስነው፣ አጥፊውንም የሚያስቀጣው ሕዝቡ የመረጠው ሹም ነበር።

የዚህ ሥርዓት ዓላማ ሣሩን መጠበቅ እንጂ ቀይ ቀበሮን ማዳን አልነበረም። ሣሩ ሲጠበቅ ግን አይጡ ተረፈ፤ አይጡ ስለተረፈ ቀይ ቀበሮውም ኖረ፤ ጭላዳ ዝንጀሮውም መሰማሪያ አገኘ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ የመሬት ባለቤትነት መሠረቱ ስለተለወጠ ሥርዓቱ ተዳከመ። ኋላ ላይ በቀበሌዎች ኮሚቴ አማካይነት እንደገና ተደራጀ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ደግሞ ማኅበረሰቦችም የጥበቃ ሥፍራ ሊያስተዳድሩ እንደሚችሉ በመደንገጉ፣ ጓሳን ለመሰሉ ሥፍራዎች የሕግ መንገድ ተከፍቷል።

ከጓሳ የሚወሰደው ትምህርት ቀላል ነው። ሰዎች የሚጠብቁት የሚጠቀሙበትን ነገር ነው። በሩዋንዳም የታየው ይኸው ነው። በቪሩንጋ ተራሮች በ1980ዎቹ መጀመሪያ 250 ያህል ብቻ የነበሩት የተራራ ጎሪላዎች በ2016 በተደረገ ቆጠራ ከ600 በልጠዋል፤ በመላው ዓለም ያሉትም ተደምረው ከ1,000 አልፈዋል። ሩዋንዳ ከፓርኮቿ ገቢ 10 በመቶውን ለአጎራባች ነዋሪዎች ትምህርት ቤት፣ ውኃና ጤና ጣቢያ ታውላለች። ገበሬው ጎሪላው ሲሞት የሚቀርበት ነገር መኖሩን ስለሚያውቅ አዳኙን ራሱ ይጠቁማል።

ጉና ምን ይጎድለዋል?

ወደ ጉና ስንመለስ ተስፋም ስጋትም እናያለን። ተራራው በአሁኑ ጊዜ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተከልሏል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የጉና ጣና የተቀናጀ የመስክ ምርምርና ልማት ማዕከል የሚባል ተቋም አለው። ጭላዳን ጨምሮ የተለያዩ የዱር እንስሳት ዛሬም በተራራው ላይ ይታያሉ። ጅባራውና ጓሳው በተከለሉ ቦታዎች ከተጠበቁ ተመልሰው የሚበቅሉ ናቸው።

የደቡብ ጎንደር ሕዝብ ለጥበቃ እንግዳ አለመሆኑም ሌላው ተስፋ ነው። በዞኑ ከ1,400 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ሲኖሩ፣ የብዙዎቹ ቅጥር ግቢ በሌላው ቦታ የጠፋው አገር በቀል ደን የተረፈበት ነው። አንባቢ «እመጓ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የሚያውቃቸው የደን ሊቅ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 የዶክትሬት ጥናታቸውን ያጠናቀቁት በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምረው ነው። ከዚያ ወዲህ እርሳቸውና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ከካህናትና ከምዕመናን ጋር በመተባበር ደኖቹ በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ አድርገዋል። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ በመሆኑ ማሳው ጸዳ፤ ከብት መግባቱም ስለቀረ ችግኝ በራሱ ጊዜ ይበቅል ጀመር። ለወፎችና ለጦጣዎች መጠለያ የሆኑት እነዚህ ደኖች የተረፉት በዘበኛ ብዛት አይደለም፤ ሕዝቡ የእኔ ናቸው ስለሚላቸው ነው።

ይሁን እንጂ ቀይ ቀበሮ በራሱ እግር ወደ ጉና ሊመለስ አይችልም። በጉናና ቀበሮ ባለባቸው የሰሜን ወሎና የሰሜን ተራሮች ከፍታዎች መካከል የታረሰ አገርና ጥልቅ ሸለቆ ተዘርግቷል። ስለዚህ የሚመለስ ከሆነ ሰው አምጥቶ ሊለቀው ግድ ነው። ይህ ደግሞ ቀድሞ መሟላት ያለባቸው ነገሮች አሉት።

አንደኛ፣ ምግቡና መኖሪያው ሊኖር ይገባል። ጓሳው ካላገገመ አይጡ አይበዛም፤ አይጥ በሌለበት የተለቀቀ ቀበሮ ደግሞ ይራባል ወይም ወደ መንደር ይወርዳል።

ሁለተኛ፣ በተራራው ዙሪያ ያሉ ውሾች በየጊዜው መከተብ አለባቸው። ይህ ለቀበሮው ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ የሰው ሕይወት የሚቀጥፍ በመሆኑ ከክትባቱ ቀድሞ የሚጠቀመው የገበሬው ልጅ ነው።

ሦስተኛ፣ የአካባቢው ነዋሪ ፈቃድና ጥቅም ያስፈልጋል። ድንቹን ከተራራው አናት እንዲያወርድ የሚጠየቀው ገበሬ ከታች በሚሠራው ማሳ ላይ የተሻሻለ ዘርና መስኖ ካላገኘ ክልከላው ከወረቀት አያልፍም። ከብቱን ለሚያስቀር ሰውም ሣሩን አጭዶ የሚወስድበት ሥርዓት ሊኖረው ይገባል።

አራተኛና ከሁሉ የሚቀድመው ሰላም ነው። በዋልያ ላይ የደረሰው እንደሚያሳየው ሰላም በሌለበት የትኛውም የጥበቃ ዕቅድ አይጸናም።

እነዚህ ቢሟሉም የጉና ስፋት ትንሽ በመሆኑ እዚያ ሊኖሩ የሚችሉት ቀበሮዎች በጣት የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ብቻ ናቸው። ዘራቸው እንዳይዳከም ከሌሎች ተራሮች በየጊዜው አዲስ እንስሳ ማምጣትና ያላቋረጠ ክትትል ማድረግ የግድ ይሆናል። ነገር ግን እንደ አልፕሱ አይቤክስ አንድ ተጨማሪ ተራራ ማግኘት ማለት አንድ ወረርሽኝ ወይም አንድ ቃጠሎ በሌላው ቦታ ጉዳት ሲያደርስ የሚተርፍ ዘር አለ ማለት ነው።

ለፎገራም ለጣናም

የከተማ ነዋሪ «ቀይ ቀበሮ ጉና ላይ ኖረ አልኖረ ምን ይጨምርልኛል?» ቢል አይፈረድበትም። መልሱ በውኃው ውስጥ ይገኛል። ጓሳና አስታ የለበሰ ተራራ የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዞ በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። የተራቆተ ተራራ ግን ዝናቡን በአንድ ጊዜ ያንደረድረዋል፤ ከነአፈሩ ይዞት ይወርዳል። የፎገራ ሜዳ ሩዝ አምራች የክረምት ጎርፉንም የበጋ ድርቁንም የሚቀበለው ከጉና ነው። በርብና በጉማራ ታጥቦ የሚመጣው ደለል ማረፊያው ጣና ነው። የርብ ግድብም ቢሆን ዕድሜው የሚወሰነው ከላይ በሚመጣው አፈር መጠን ነው።

ቀይ ቀበሮ በዚህ ሁሉ መሐል እንደ ምልክት የሚቆጠር እንስሳ ነው። እርሱ የሚኖርበት ተራራ ሣሩም፣ አፈሩም፣ ውኃውም በቦታው ያለ ተራራ ነው። ቀበሮው የጠፋበት ተራራ ደግሞ ከቀበሮው ሌላም ብዙ ነገር ማጣት እንደጀመረ ያመለክታል።

ከዋልያና ከቀይ ቀበሮ ታሪክ የምንረዳው የተመናመነ ዘር ሊመለስ እንደሚችል ነው። ባሌ ላይ በክትባት፣ ጓሳ ላይ በሕዝብ ሥርዓት፣ ሰሜን ተራሮች ላይም እስከ 2015 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በብዙ ልፋት ታይቷል። የማያቋርጥ ጥበቃ ካላገኘ መልሶ እንደሚጠፋም በዚያው በሰሜን ተራሮች አይተነዋል። በመሆኑም የሚመለከታቸው የፌዴራልና የክልል መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲውና በጉና ዙሪያ ያሉ ቀበሌዎች ቀበሮውን ለማምጣት ከመነጋገራቸው በፊት በጓሳው፣ በውሾቹ ክትባትና በገበሬው ገቢ ላይ ሊስማሙ ይገባል። ይህን ለመጀመር የቀበሮውን መምጣት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቅመው ርብንና ጉማራን የሚጠጣውን ሕዝብ ነውና።